ከኦርሞክ እግር ሥር የተደፋው ሰውዬ

ለንደን፣ ሆሎዌይ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለ አንድ የካውንስል (የመዘጋጃ ቤት) ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አቶ ዓለምሰገድ ከኩሽናቸው በር ጀርባ በአንድ ዓይን ተሥለው ይኖራሉ። የሣለቻቸው ልጃቸው ሳባ ናት። ያኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በጥቁር ማርከር ነው የሠራችው። አፍንጫቸውን፣ ኮፍያቸውን፣ የተቆጣ ከንፈራቸውን ሳይቀር ከጎን አንሥታቸዋለች። ለማያውቅ እንግዳ ሥዕሉ ምንም ነውር የለበትም። ከጎን የታየ ሰው ሁለተኛ ዓይኑ ከየት ይመጣል?

አቶ ዓለምሰገድ ግን ያውቃሉ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው ሞያ ሕጉ አጭር ነው፦ ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይሁዳ አንድ ዓይን ነው። ሄሮድስ አንድ ዓይን ነው። ሰይጣንም ከአንድ በላይ ተፈቅዶለት አያውቅም። ይህን ሕግ ለሳባ ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት በሩን ገፋ አድርገው ራሳቸውን ሲያገኙት፣ ከነማን ጋር እንደተመደቡ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ጥፋታቸውንም ያውቁታል። ለንደን ሲገቡ ብሩሽ የሚያበላ ሆኖ አልተገኘም፤ ቤተ ክርስቲያኑም የታተመ ሥዕል በጥቅል ማስመጣት ለምዷል። እሳቸው ኤድመንተን አንድ የመጫወቻ መጋዘን ገብተው ካርቶን ሲደረድሩ ኖሩ። እዚያ ሣጥኑ የተጨፈለቀ ዕቃ ለሠራተኛ ይሰጥ ነበርና፣ አንድ ቀን ክንዱ የወለቀ ሮቦት ለልጃቸው ይዘው ገቡ። ኦርሞክ ይባላል። ሲተጣጠፍ የቆሻሻ መኪና ይሆናል፤ ሲዘረጋ ዓለምን ያድናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳባ ኦርሞክን የማትሥልበት ወረቀት ጠፋ። የውዳሴ ማርያም ደብተሯ ዳር ዳር ሳይቀር ሮቦት ሲፈላበት ጊዜ አቶ ዓለምሰገድ ቱግ አሉና፣ "ቆርቆሮ ሥዕል አይባልም" ብለው ሁሉንም ሰብስበው ጣሉት። ራሳቸው አምጥተው ራሳቸው ተቆጡ። እናቷ ፍቅርተማርያም በሕይወት ብትኖር አስታርቃቸው ነበር፤ እሷ ግን ሳባ ገና ትንሽ ሳለች አርፋለች። በማግስቱ አቶ ዓለምሰገድ በሩ ላይ ነበሩ።

ስለ ሥዕሉ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ሳባ አላጠፋችውም፣ እሳቸውም አላስጠፉትም። ካውንስሉ ቤቱን ለማስቀባት ሰዎች ሲልክ፣ አቶ ዓለምሰገድ በሩ ፊት ተገትረው "ዚስ ዶር፣ ኖ" ብለው መለሷቸው። ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት እንጂ ምኞታቸው አንድ ነበር፦ ልጃቸው አንድ ቀን፣ ሳይጠይቋት፣ ሁለተኛውን ዓይን እንድትሰጣቸው። ጠይቀው ቢያገኙት ዋጋ የለውም ብለው ያምናሉ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ሳባ አድጋ እንጀራዋ ከዚያው ከቆርቆሮው ሆነ። የመጫወቻው ኩባንያ ሮቦቶቹን በኮሚክ መጽሐፍ ሊያወጣቸው ፈለገ፤ በአራት ተከታታይ ቁጥሮች እየታተመ የሚያልቅ አንድ አጭር ታሪክ። ሥራውን ኪልበርን ላለ ትንሽ አሳታሚ ሰጠ፤ የአሳታሚው አለቃ ቤንጃሚን ደግሞ ለሳባ ሰጣት። ሦስቱ ቁጥሮች ወጡ። አራተኛው በቀኑ ደርሶ ኩባንያውን ካስደሰተ፣ ሳባ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች፣ የሚቀጥለውም መጽሐፍ የእሷ ይሆናል። ካልሆነ ቡና ስትቀዳ ወደነበረችበት ካፌ ትመለሳለች። ነገሩ እንዲህ ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ሳባ ከአውቶቡስ ደረጃ ላይ ወደቀችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ።

የእርሳሱን ንድፍ ጨርሳዋለች፤ የቀረው በብሩሽና በጥቁር ቀለም መከተሉ ነው። የዛሬ ሠዓሊዎች ይህን በኮምፒውተር ይጨርሱታል። ሳባ ግን ወረቀት ካልሆነ ትላለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህን ጠባይ ከማን እንደወረሰችው መናገር አያስፈልግም።

"አባዬ፣" አለች በጀሶ የታሰረ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ግን ሌክቸር አታድርገኝ።"

"ጠይቂ።"

"እርሳሱን ጨርሻለሁ። ኢንክ ማድረግ ነው የቀረው። ያንተ እጅ አይንቀጠቀጥም።"

አቶ ዓለምሰገድ ጆሯቸውን ተጠራጠሩ። "ቆርቆሮውን ነው?"

"ቆርቆሮውን።"

"ቤንጃሚን ያውቃል?"

"አያውቅም። በግራ እጄ እየሠራሁ ነው ብዬዋለሁ። ሲክሬት ነው አባዬ፣ ፕሊስ።"

ለወጉ ያህል እምቢ ማለት አማራቸው። ዓይናቸው ግን ወደ ኩሽናው በር ሄደና "መነጽሬን አምጪ" አሉ።

ጠቡ ገና በመጀመሪያው ገጽ ተነሣ። ኦርሞክ ግንባሩ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ ጠላቱ ስካልድ ደግሞ ሁለት ዓይን አለው፣ ያውም የሚያማምር።

"ደጉ የቱ ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"ኦርሞክ ነዋ። ባለ አንድ ዓይኑ።"

አቶ ዓለምሰገድ ብሩሹን አስቀመጡ። "ተሳስተሻል።"

"አባዬ፣ መጫወቻው ራሱ እንደዚህ ነው። አንተ አይደለህ እንዴ ያመጣህልኝ?"

"ሣጥኑን ተሸከምኩ እንጂ ሃይማኖቱን አልመረመርኩም። አንዲት ዓይን ብጨምርለት ማን ያውቃል?"

"የዓለም ልጅ ሁሉ ያውቃል። አንድ ዓይን፣ አባዬ። ፋይናል።"

ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ አረፈዱና ከምሳ በኋላ መላ አገኙለት። የኦርሞክ ዓይን አንድ ቢሆንም መሐል ላይ ነው፤ ፊቱንም ወደ ሰው መልሷል። ስለዚህ ሁለቱ ዓይኖች ተጋብተው አንድ ሆኑ እንጂ አልጎደሉም። ኅሊናቸው በዚህ ዐረፈ። ስካልድን ግን ሊቀበሉት አልቻሉም፤ ሳባ ዘወር ባለች ቁጥር ፊቱን በትንሽ በትንሹ ወደ ጎን ያዞሩታል።

ያ ሰሞን ለአቶ ዓለምሰገድ የደስታ ሰሞን ነበር፤ መደበቅም አልቻሉም። እሳቸው በቀለም ይከተላሉ፣ ሳባ በግራ እጇ የእርሳሱን ርዝራዥ ታጠፋለች። እሳቸው ዜማ ያንጎራጉራሉ፣ እሷ ሻይ ታፈላለች። አባትና ልጅ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲህ ጎንበስ ብለው አያውቁም። ከታች ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ኣኽበረት፣ አሥመራ በአማርኛ የተማሩት ጡረተኛ ነርስ፣ አንድ ቀን ሊጠይቋቸው ብቅ አሉና የኦርሞክን ግርማ አይተው ቆመው ቀሩ።

"አቶ ዓለምሰገድ፣ ይህ ለየትኛው ደብር ነው?"

"የቆሻሻ መኪና ነው፣ ወይዘሮ ኣኽበረት።"

"ይቅር ይበለን" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የመጨረሻው ገጽ ሙሉውን አንድ ሥዕል ነው። ከተማይቱ ፈርሳለች፤ ኦርሞክ ፍርስራሹ ላይ ቆሟል፤ የተረፈው ሕዝብ ዳር ቆሞ ወደ እሱ ቀና ብሏል። ከኦርሞክ እግር በታች ሳባ ባዶ ቦታ ትታ፣ "እዚህ ፍርስራሽ ሙላበት፣ እንደፈለግህ" አለችና ሐኪም ቤት ልትሄድ ጃኬቷን ለበሰች።

"ሳቢ፣ ለመሆኑ ይህን መጽሐፍ የሚያሠራው ማን ነው?"

"ቤንጃሚን ነዋ" ብላ ወጣች።

ይህች ጥያቄ ለሌላ ሰው ጨዋታ ናት፤ ለቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ግን ግዴታ ናት። በእኛ አገር ሥዕል ያሠራ ሰው አይረሳም። ከቅዱሱ እግር ሥር፣ በሥዕሉ ግርጌ፣ ትንሽ ሆኖ፣ እጁን ዘርግቶና በደረቱ ተደፍቶ ይሣላል፤ ስሙም ካጠገቡ ይጻፋል። ከዚህ የበለጠ ክብር የለም፤ አሠሪውን ዘንግቶ ያለፈ ሠዓሊ ደግሞ ያልተማረ ነው። ቤንጃሚን እንደሆነ ሳባ በተሰበረች ጊዜ አበባ ይዞ መጥቶ፣ ሽሮ በሹካ በልቶ የሄደ ጨዋ ሰው ነው። መልኩ አልጠፋባቸውም፦ ራሰ በራ፣ ቀይ ጢም፣ ክብ መነጽር። አቶ ዓለምሰገድ ከኦርሞክ ግራ እግር ሥር አስተኙት፤ ክንዶቹን ዘረጉለት፤ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሰው ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጡት። መነጽሩንም አልረሱም። ካጠገቡ በደቃቅ ፊደል "አሠሪው ቤንጃሚን" ብለው ጻፉና ራቅ ብለው አይተው ረኩ።

ሳባ ስትመለስ ቸኩላለች። ገጾቹን በግራ እጇ እያገላበጠች ስካን አድርጋ ላከቻቸው። ከኦርሞክ እግር ሥር ያለው ነገር ፍርስራሽ መስሏታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ሳባ ክፍሏ ውስጥ ሆና ስታወራ ድምፅዋ መጀመሪያ ከፍ አለ፣ ቀጥሎ ዝቅ አለ፣ በኋላ ጭራሽ ጠፋ። ከዚያ ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

"አባዬ፣ ቤንጃሚንን ሣልከው?"

"አየው? ደስ አለው?"

"ኦርሞክ ረግጦ ገድሎታል።"

"ማን ገደለው? አክብሬ ነው ያስተኛሁት።"

ሳባ ተቀመጠችና ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የኩባንያው ሕግ ጥብቅ ነው፤ መጫወቻው የልጆች ስለሆነ በኦርሞክ ታሪክ ውስጥ ሰው አይሞትም፣ በኦርሞክ እግር ደግሞ ፈጽሞ አይሞትም። ያ ሳያንስ ሟቹ ማን እንደሆነ ቢሮው ሁሉ በመነጽሩ ዐውቆታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሳባ ባለፈው ስብሰባ ላይ ቤንጃሚን ቀን አላራዝምም ሲላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "አንድ ቀን ኦርሞክ ይቆምብሃል" ብላው ነበር።

"ጆክ ነበር" አለች። "አሁን ማን ያምነኛል? ነገ ጠዋት ነይ ብለውኛል። የግራ እጄ ነው ያበላሸው እላለሁ።"

"እኔ ነኝ የሠራሁት በያቸው።"

"ሌላ ሰው አሠርቼ የራሴ ነው ብዬ ላክሁ ልበላቸው? በቃ፣ ተወው አባዬ።"

ተነሥታ ስትሄድ ዓይኗ የኩሽናው በር ላይ ዐረፈ፤ አቶ ዓለምሰገድም አተያይዋን አዩ። የቀረችኝንም አንዷን ዓይን ታጠፋብኛለች ብለው ፈሩ። ከልባቸው ነው የፈሩት።

ወደ ታች ወረዱና ለወይዘሮ ኣኽበረት አጫወቷቸው። ወይዘሮ ኣኽበረት ላለመሳቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ አልሆነላቸውም።

"እና ልጅቷ የእርስዎን ጥፋት ተሸክማ ስትገባ፣ እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ሊቆዝሙ ነው?" አሉ ሲበርድላቸው።

"እንግሊዝኛዬን ያውቁታል፣ ወይዘሮ ኣኽበረት።"

"የእኔ አለ። ነገ ኮትዎን ይልበሱ። ማስረጃም ይያዙ።"

የአሳታሚው ቢሮ ኪልበርን ከአንድ የሻንጣ መደብር በላይ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሳባ ከቤንጃሚን ፊት ለፊት ተቀምጣ ስለ ግራ እጇ ማስረዳት ስትጀምር በሩ ተንኳኳ። ከረባት ያሰሩ ሽማግሌ ገቡ፤ ከኋላቸው ነጠላ ያጣፉ አሮጊት፤ በሽማግሌው ብብት ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። "አባዬ" አለች ሳባ።

አቶ ዓለምሰገድ ባቡር ውስጥ ሲያጠኑት የመጡትን እንግሊዝኛ አወጡ። "አይ ዱ ኢት" አሉ እጃቸውን እያሳዩ። "ማይ ሃንድ።" እንግሊዝኛው እዚህ ላይ አለቀ። የቀረውን በአማርኛ ተናገሩ፣ ወይዘሮ ኣኽበረትም እየተቀበሉ አስተረጎሙ፦ ንድፉ የልጃቸው ነው፣ ቀለሙ የእሳቸው ነው፣ ሰውዬውን ያስተኙት እሳቸው ናቸው፣ ያስተኙትም ለክብሩ ነው።

"ለክብሬ?" አለ ቤንጃሚን ገጹን አንሥቶ። "የእግሩ ጎማ ጆሮዬ ላይ ነው ያረፈው።"

አቶ ዓለምሰገድ ፎጣውን ፈቱ። ከአገር ሲወጡ በልብስ ጠቅልለው ያመጡት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው፤ ሳባ ከአባቷ አልጋ ራስጌ ተሰቅሎ እያየችው ያደገችው። ፈረሱ ዘንዶውን ረግጧል። ከዘንዶውም በታች፣ በግርጌው፣ አንዲት ትንሽ ሴት ነጭ ለብሳ እጇን ዘርግታ ተደፍታለች። ካጠገቧ የነበረውን ጽሑፍ የጧፍ ጭስ አደብዝዞታል።

ቤንጃሚን ጎንበስ ብሎ አየ። "እሷንም ፈረሱ ነው የረገጣት?"

"የተረገጠው ዘንዶው ነው፤ አንድ ዓይን ነው፣ ይዩት። እሷ ሁለት ዓይን አላት። ባለቤቴ ፍቅርተማርያም ናት። ልጅ አጥታ ስትጨነቅ ሥዕል ሥራልኝ አለችኝ፣ ሠራሁላት። ሥዕል ያሠራ ሰው ከሥር ሆኖ ይለምናል።"

ወይዘሮ ኣኽበረት ይህን በቀስታ አስተረጎሙ።

"ልጁንስ አገኘች?" አለ ቤንጃሚን።

አቶ ዓለምሰገድ በአገጫቸው ወደ ሳባ አመለከቱ። ሳባ ከወንበሯ ተነሥታ ሥዕሉ ላይ አጎንብሳ ነበር። ስለ ዓይን ያስተማሯት አባት፣ ያቺ ከሥር የተደፋች ሴት እናቷ መሆኗን ነግረዋት አያውቁም። ታውቃለች ብለው ነበር። እሷ ደግሞ የድሮ ሰው መስላት አልጠየቀችም። በጣቷ የደበዘዘውን ፊደል እየተከተለች "ፍ" አለች፣ "ቅ" አለች፣ ከዚያ አፍንጫዋን በጀሶዋ ጠረገች። አቶ ዓለምሰገድ ባለመናገራቸው ዐዘኑ፤ ይህን ያህል ዘመን እናትና ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ሳያስተዋውቋቸው ኖረዋል።

ቤንጃሚን ጢሙን አከከና እንደገና ገጹን አየ። "እንግዲህ እኔም እየለመንኩ ነው ማለት ነው።"

"አዎ።"

"ምን እየለመንኩ?"

አቶ ዓለምሰገድ ትንሽ አሰቡ። "መጽሐፉ በቀኑ እንዲደርስ።"

ቤንጃሚን ሳቀ፤ ሳቁም ሻንጣ መደብሩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ ግን እንደ አለቃ ተናገረ። ሳባ ሁለተኛ እንዳትደብቀው አስጠነቀቃት። ኩባንያውን እሱ ያነጋግራል፤ ቢሆንም ሕጉ ሕግ ነውና የተደፋው ሰውዬ መነሣት አለበት፤ ቦታውንም ሳባ ራሷ ትሙላው። የአቶ ዓለምሰገድ ስም ከሳባ ስም ሥር ይግባ ወይ ሲል ጠየቀ። አቶ ዓለምሰገድ አይሆንም አሉ፤ የእሳቸው መምህር ስሙን ሳይጽፍ ነው የሞተው። ቤንጃሚን ተቆርጦ የሚወጣውን ቁራጭ ግን ለራሱ ለመነና ተሰጠው። ዛሬ በፍሬም ሆኖ ቢሮው ውስጥ ተሰቅሏል፤ የገባ እንግዳ ሁሉ ሠራተኞችህን ምን በድለሃቸው ነው ይለዋል።

ሳባ የመጨረሻውን ገጽ ለማስተካከል ኩሽናውን ዘጋችው። አቶ ዓለምሰገድ እጅ ያስፈልግሽ እንደሆነ ብለው በሩን ቢያንኳኩ፣ "አባዬ፣ ያለፈውን ሰውዬ ገና ቀብሬ አልጨረስኩም" ብላ መለሰቻቸው። ኩባንያው ገጹን በቀኑ ተቀበለው።

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ሳባ የቋሚ ሠራተኛ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ኪልበርን ስትሄድ፣ አንዱን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ትታላቸው ወጣች። አቶ ዓለምሰገድ ከኋላ ጀምረው ገለጡት። ኦርሞክ ቆሟል። ከእግሩ ሥር ሰው የለም፤ ድንጋይና ብረት ብቻ። ሕዝቡ ዳር ላይ ተሰብስቦ ወደ ሮቦቱ ቀና ብሏል፤ ሁሉም ከጎን ነው የሚታየው፣ ሁሉም አንድ አንድ ዓይን ነው። ከግርጌ፣ ከፍርስራሹ ጥግ፣ ብቻውን የቆመ አንድ ሽማግሌ አለ። ኮፍያ አድርጓል፤ ጆሮው ላይ ብሩሽ ሰክቷል፤ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሷል። መስመሩ እዚህም እዚያም ይንቀጠቀጣል፤ በግራ እጅ የተሠራ ነው። አቶ ዓለምሰገድ ብዙ ቆዩበት። ስልኩ ሲጮህ ደነገጡ።

"አባዬ፣ አየኸው?"

"አየሁት። ኦርሞክ አምሮበታል።"

"ሌላስ?"

"አንድ ሽማግሌ አየሁ። ሰው ሁሉ ያዳነውን ሲያይ እሱ ጀርባውን ሰጥቶታል። ባለጌ ነው።"

"አሠሪው ነው" አለች ሳባ። "ሥዕል ያሠራ ሰው አይረሳም ብለህ የለ? ኦርሞክን ቤት ያመጣው ማን ነው?"

አቶ ዓለምሰገድ ገጹን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። "ታዲያ ለምን አልተደፋም?"

"ኩባንያው መደፋት አይፈቅድም።"

"ዓይኑስ?"

"ሁለት ነው። ቁጠረው።"

"ቆጥሬዋለሁ" አሉ። ከዚያ ስልኩን ዘጉና፣ መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ ጠርገው፣ እንደገና ቆጠሩት።